የፕሪንተሩን ዋይፋይ ዘግቼዋለሁ፤ ስልኬ ላይ ግን ስሙ አሁንም ይታያል

የመዝገብ ቤቷ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ።

የምሠራው በአንድ ትንሽ ቢሮ የሠራተኞች ማህደርና የደመወዝ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለው ፕሪንተር ስካንም ኮፒም ያደርጋል። በጣት የሚሠራ ትንሽ ስክሪን አለው። ከኋላው የዩኤስቢም የኔትወርክ ገመድም ማስገቢያ አለው። እስካሁን የምንጠቀምበት ግን በዋይፋይ ነበር።

ሰሞኑን የማናውቀው ወረቀት ወጣ። የሰው ስምና የሕክምና ቀጠሮ ያለበት ነው። ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩትና ባለቤቱን ፈልጌ ሰጠሁት። ከግድግዳው ማዶ ያለው ቢሮ ሠራተኛ ነው። እሱም ደነገጠ። ስልኩ ያሳየውን የፕሪንተር ስም ነክቶ ልኮታል፤ የራሳቸው መስሎት።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የኛ ጉዳይ ነው። የሱ ወረቀት እኛ ጋ ከመጣ፣ የኛስ ወዴት ይሄዳል? በዚህ ፕሪንተር የሰው ደመወዝ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይወጣል። ሰዎቹ አምነውን ነው ጉዳያቸውን የሰጡን። ስለዚህ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግረን ፕሪንተሩ በገመድ ብቻ እንዲሠራ፣ ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ እንዳይኖረው ወስነናል።

ስክሪኑ ላይ የዋይፋይ ምልክቷን ነክቼ ዘጋሁት። መብራቷም ጠፋች። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ሳይ «ዳይሬክት» ብሎ የሚጀምር፣ የፕሪንተሩን ሞዴል የያዘ ስም አሁንም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ፕሪንተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

ይህ ስም ከየት ነው የሚመጣው? እንዴትስ ይጠፋል? ከጠፋ በኋላስ መጥፋቱን በምን ላረጋግጥ?

ቀለምና ወረቀት መለሰ፦

ሰላም። በጣም ቀላሉ መንገድ የራውተሩን ፓስወርድ መቀየር ነው። ፕሪንተሩ አዲሱን ፓስወርድ ስለማያውቅ ከኔትወርኩ ይወጣል። ለኮምፒውተሮቹ ብቻ አዲሱን ትሰጫለሽ፣ አለቀ።

መጠንቀቅሽ ግን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው በተለያዩ አገሮች ባሉ በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ፕሪንተሮች ላይ የራሱን መልእክት ከሩቅ ሆኖ አሳትሞ ነበር። ዜናው ያኔ በሰፊው ወጥቷል።

የጥገና ባለሙያ መለሰ፦

እህቴ፣ ስጋትሽ በቦታው ነው። ፕሪንተር መጠገን ሥራዬ ነው። በየቢሮው ስሄድ ይሄንኑ አያለሁ። «ዋይፋዩን ዘግተነዋል» ይሉኛል፣ ስልኬን ስከፍት ስሙ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፕሪንተር በዋይፋይ የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በራውተር በኩል ነው። እናንተ ስትጠቀሙበት የነበረው፣ አንቺም የዘጋሽው እሱን ነው። ሁለተኛው ዋይፋይ ዳይሬክት ይባላል። በዚህኛው ፕሪንተሩ ራሱ የራሱን ስም ያሰራጫል፤ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ያለ ራውተር በቀጥታ እሱ ላይ ይገባል። ስልክሽ ላይ የምታይው ስም የዚህ ነው። አንዱን ብቻ መዝጋት የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ክፍት እንደመተው ነው።

ከላይ ወንድማችን ያነሳው የራውተር ፓስወርድ ለመጀመሪያው መንገድ ይሠራል። ዋይፋይ ዳይሬክትን ግን አይነካውም፤ የራሱ ፓስወርድ ነው ያለው። የ2018ቱም ነገር ከዚህ ይለያል። ያኔ የተጠቁት ፕሪንተሮች ፖርት 9100 የሚባለው የሕትመት መቀበያቸው ለኢንተርኔት ተጋልጦ የነበረ ነው። መፍትሔው ራውተር ወይም ፋየርዎል ላይ ነው። ፕሪንተሩ ከራውተሩ ጋር በገመድ ይገናኝ በዋይፋይ፣ ለዚያ ጥቃት ልዩነት የለውም።

«የኛስ ወዴት ይሄዳል» ላልሽው፣ ከኮምፒውተርሽ ወደዚህ ፕሪንተር የላክሽው ነገር በራሱ ጊዜ ተነስቶ ጎረቤት ፕሪንተር ላይ አይታተምም። በዚህ በኩል ተረጋጊ። ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር ግን አለ። ስካነር ባለው ፕሪንተር ላይ የገባ ስልክ ብዙ ጊዜ ስካንም ማዘዝ ይችላል። መስታወቱ ላይ የተረሳ ደብዳቤ ካለ፣ ከግድግዳ ማዶ ያለ ሰው ምስሉን ወደ ስልኩ ሊወስደው ይችላል። ወረቀቱ ካለበት ሳይነሳ! ለደመወዝና ለማህደር ክፍል ይሄ ከባድ ነገር ነው። ዛሬውኑ ሥራ ባልደረቦችሽን መስታወቱ ላይ ምንም እንዳይተዉ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ አዘጋጉ። ዋይፋዩን ከመንካትሽ በፊት የዩኤስቢ ገመዱን ሰክተሽ አንድ ገጽ አትሚ። ገመዱ በኮምፒውተሩ በኩል ጠፍጣፋ፣ በፕሪንተሩ በኩል ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ጫፍ ያለው ነው። ከ5 ሜትር የሚበልጥ አትግዢ፤ ሲረዝም ግንኙነቱ ይቆራረጣል። አንዳንድ ፕሪንተር ላይ ማስገቢያው ላዩ ላይ ተለጣፊ አለው፣ ሰው ዩኤስቢ የለውም ብሎ ይተወዋል። ላጥ አድርገሽ እዪው። በገመድ ማተሙን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ወደ መዝጋቱ ሂጂ።

ሞዴሉን ስላልጻፍሽ በየዓይነቱ ልንገርሽ። ኤችፒ ባለ ስክሪን ከሆነ፣ በብዙዎቹ ላይ ከስክሪኑ አናት ወደ ታች በጣትሽ ስትስቢ ትናንሽ ምልክቶች ይመጣሉ። አንዷ የዋይፋይ ናት፣ ሌላዋ የዋይፋይ ዳይሬክት። የኋለኛዋን ነክተሽ ሴቲንግ ውስጥ ግቢና አጥፊው። ካነን ላይ ላን ሴቲንግስ ውስጥ ዋይፋይና ዋየርለስ ዳይሬክት ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱንም ዲሴብል ማድረግ ነው። ብራዘር ላይ ኔትወርክ፣ ቀጥሎ ደብሊውላን፣ ቀጥሎ ደብሊውላን ኢኔብል፣ ኦፍ። ዋይፋይ ዳይሬክትም እዚያው ኔትወርክ ሥር ለብቻው አለ። ኤፕሰን ላይ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። ዋይፋይ የሚለውን ነክተሽ፣ ሴቲንግ ቀይር ብለሽ፣ «አዘርስ» የሚለው ውስጥ ካልገባሽ የመዝጊያው ትእዛዝ አይታይም። ዳይሬክቱ የራሱ ሌላ ገጽ አለው። የሜኑው ቃላት ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ይለያያሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይመሳሰላል።

ስክሪን የሌለው ፕሪንተር ያላችሁ ደግሞ ሁለት አማራጭ አላችሁ። የዋይፋይ ቁልፏን ተጭኖ መብራቷን ማጥፋት አንዱ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ለዳይሬክት ሌላ ቁልፍ አለ። ካልሆነ የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ብራውዘር ላይ ጻፉ። የፕሪንተሩ የራሱ ገጽ ይከፈታል፤ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩ ገላ ላይ ወይም ቀለም የሚገባበት ክዳን ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ። እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ገጹን የከፈታችሁት በዋይፋይ ከሆነ መጀመሪያ ዳይሬክቱን ዝጉ፣ ዋናውን ዋይፋይ መጨረሻ። ዋናውን ቀድማችሁ ከዘጋችሁ ገጹ ያኔውኑ ይቋረጣል፣ ዳይሬክቱ ክፍት ይቀራል።

ማረጋገጫው፣ ፕሪንተሩ ላይ ሪፖርት የሚለው ሜኑ ውስጥ የኔትወርክ ሪፖርት አለ። አትሚው። ዋየርለስና ዋይፋይ ዳይሬክት በየራሳቸው መስመር ተጽፈው፣ ክፍት ይሁኑ ዝግ ከጎናቸው ይታያል። ሁለቱም ዝግ ከሆኑ ፕሪንተሩን አጥፍተሽ አብሪና በስልክሽ እንደገና ፈልጊ። ሞዴሉ ብሉቱዝ ካለው እሱም ሌላ ነገር ነው፤ ዋይፋይ ሲዘጋ አብሮ ላይዘጋ ይችላል፣ ለብቻው ፈልገሽ ዝጊው።

የመዝገብ ቤቷ ጻፈች፦

ወንድሜ እጅህ ይባረክ! ልክ እንዳልከው ሁለት ምልክት ነበር። ሁለተኛዋን ዘጋኋት። ሪፖርቱን አሳተምኩት፣ ሁለቱም መስመር ላይ ዝግ ይላል። በእኔም በአለቃዬም ስልክ ፈለግን፣ ስሙ የለም። የመስታወቱን ነገር ስነግራቸው ሁሉም ነው የደነገጡት፤ ማንም አስቦት አያውቅም።

አሁን የቀረኝ የኮምፒውተሩ ነገር ነው። በገመድ የሞከርኩት ገጽ ደህና ወጥቶ ነበር። ዛሬ ከኤክሴል ፕሪንት ስል ግን ፕሪንተሩ ኦፍላይን ነው ይለኛል። ገመዱ እንደተሰካ ነው። ዊንዶውስ ነው የምጠቀመው።

ገመድ ወዳድ መለሰ፦

ይሄ ሁሌ የሚያጋጥም ነው፣ ገመዱ ምንም አልሆነም። ኮምፒውተሩ ላይ አሁን አንዱ ፕሪንተር ሁለት ሆኖ ተመዝግቧል። አንዱ የድሮው የዋይፋዩ ነው፣ አንዱ ገመዱን ስትሰኪ የመጣው። ስማቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ያምታታል፤ አዲሱ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ኮፒ 1» የሚል አለው። ኤክሴል እየላከ ያለው ወደ ድሮው ነው።

ሴቲንግስ ውስጥ ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ የሚለውን ክፈቺ። እያንዳንዳቸውን ነክተሽ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፖርትስ የሚለውን እዪ። ምልክት የተደረገበት ፖርት «ዩኤስቢ001» ወይም እሱን የሚመስል ከሆነ የገመዱ ነው። አይፒ አድራሻ ወይም «ደብሊውኤስዲ» የሚል ከሆነ የዋይፋዩ ነው። የገመዱን ዲፎልት አድርጊው። ዊንዶውስ ዲፎልቱን ራሱ ይምረጥ የሚለው ክፍት ከሆነ ዝጊው፣ አለበለዚያ እንደገና ይቀያይርብሻል።

ከማጥፋትሽ በፊት አንድ ነገር። የድሮው ላይ ተሰልፈው የቀሩ ሕትመቶች ካሉ መጀመሪያ ሰርዣቸው። የደመወዝ ዝርዝር እዚያ ተሰልፎ እንዲቀር አትፈልጊም። ከዚያ የድሮውን ሪሙቭ አድርጊ።

ማክ የሚጠቀም ካለ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፕሪንተር ጨምር ብሎ ከዝርዝሩ ዓይነቱ ዩኤስቢ የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ የድሮውን ማንሳት።

ከቤት የምሠራ ጻፈ፦

ይቅርታ፣ በጥያቄው መሀል ልግባ። እኔም የቤቴን ፕሪንተር ዋይፋይ መዝጋት እፈልጋለሁ። የምኖረው ብዙ ቤት ባለበት ሕንፃ ነው፣ ስልኬ ላይ የጎረቤቶቼ ፕሪንተር ሁሉ ይታየኛል። የኔም ለነሱ ይታያል ማለት ነው። ግን ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ከስልክና ከታብሌት ነው የሚያትሙት። በዩኤስቢ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ካሰርኩት እነሱ ምን ሊሆኑ ነው?

የጥገና ባለሙያ መለሰ፦

ላንተ ዩኤስቢን አልመክርህም። ፕሪንተርህ የኔትወርክ ገመድ ማስገቢያ ካለው ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኘው። ብዙዎቹ ፕሪንተሮች ይህ ገመድ ሲሰካ ዋናውን ዋይፋይ በራሳቸው ይዘጋሉ። ልጆችህ እንደ በፊቱ በቤቱ ዋይፋይ ራውተሩ ላይ ይገባሉ፣ ራውተሩ ደግሞ በገመዱ ወደ ፕሪንተሩ ያደርስላቸዋል። ስልኩ ላይ ምንም አይለወጥም። ዋይፋይ ዳይሬክቱን ግን ያው ራስህ ሄደህ መዝጋት አለብህ፤ ገመድ ስለተሰካ አይዘጋም ብለህ አስብ። ገመዱን አንድ ቀን ብትነቅለው ደግሞ ዋይፋዩ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል፣ ያኔ ሄደህ እየው።

ለእህታችን ይሄን ያልመከርኳት ሆን ብዬ ነው። በቢሮ ኔትወርክ ላይ እስካለ ድረስ የቢሮው ሰው ሁሉ ያገኘዋል። የማህደር ክፍል ፕሪንተር ባለ አንድ ኮምፒውተር ቢሆን እመርጣለሁ።

ፕሪንተርህ ማስገቢያው ከሌለው ዋናውን ዋይፋይ ክፍት ትተህ ዳይሬክቱን ብቻ ዝጋ። የራውተርህ ፓስወርድ ጠንካራ ከሆነ ጎረቤት አይገባም። ዳይሬክቱ የግድ የሚያስፈልግህ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ፕሪንተር ላይ «ማኑዋል» የሚባል ምርጫ አለ። አዲስ ስልክ ሊገባ ሲሞክር ስክሪኑ ላይ ይጠይቅሃል፣ ካልፈቀድክ አይገባም። እሱን አድርገው።

አንድ ማሳሰቢያ ለሁላችሁ። ቀለም በየወሩ በክፍያ የሚላክላችሁ ከሆነ ወይም ፕሪንተሩ ኤችፒ ፕላስ የሚባለው ከሆነ፣ የኢንተርኔት ግንኙነት የአገልግሎቱ ግዴታ ነው። ከኔትወርክ ጨርሳችሁ ካወጣችሁት ማተም ሊያቆም ይችላል። ዋይፋዩን ከመዝጋታችሁ በፊት የገባችሁትን ውል እዩ። ስካን አድርጎ በቀጥታ ወደ ኢሜይል መላክም በዩኤስቢ ብቻ አይሠራም፤ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር አውርዳችሁ ከዚያ ትልካላችሁ።

የመዝገብ ቤቷ ጻፈች፦

የኤክሴሉ ተስተካክሏል፣ ገመድ ወዳድ አመሰግናለሁ። የድሮው ላይ የተሰለፉ ነበሩ፤ አንዱ የደመወዝ ዝርዝር ነው። ሰርዣቸዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። ፕሪንተሩ ለተወሰነ ሰዓት ካልሠራ አሁን ራሱን ያጠፋል። ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር። ከዋይፋዩ ጋር ይያያዛል? ደግሞ መጋዘን ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ፕሪንተር ለሌላ መሥሪያ ቤት ሊሰጥ ነው። እሱም በዋይፋይ ይሠራ ነበር። ከመሄዱ በፊት ምን ላድርግ?

የጥገና ባለሙያ መለሰ፦

አዎ ይያያዛል። አንዳንድ ፕሪንተሮች ኔትወርክ ላይ እያሉ ራስን የማጥፋቱን ሥራ ያቆሙታል፣ ምክንያቱም ከሩቅ የሚላክ ሕትመት ሊመጣ ይችላል። ኔትወርኩ ሲወጣ ያ ሥራ ይመለሳል። ሴቲንግ ውስጥ «አውቶ ኦፍ» ወይም ኃይል አያያዝ የሚለው ጋ ሰዓቱን አርዝሚው ወይም ዝጊው። ስሊፕ የሚለውን ግን አትንኪ፤ እሱ ዝም ብሎ ያሸልባል፣ ሕትመት ሲላክለት ይነቃል።

አሮጌው ፕሪንተር ውስጥ የቢሯችሁ ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ተቀምጧል። የኢሜይል አድራሻዎችና የፋክስ ቁጥሮችም ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የኔትወርክ ሴቲንጉን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መልሺው፤ «ሪስቶር ፋክተሪ ዲፎልትስ» የሚል ታገኛለሽ። ትልቁ የቢሮ ዓይነት ከሆነና ውስጡ ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ዲስኩን የሚያጠፋ የራሱ ትእዛዝ አለ። እሱንም አስፈጽሚ።

ሪሴት ካደረግሽው በኋላ ብዙው ፕሪንተር አዲስ እንደተገዛ ሆኖ ዋይፋዩን ከፍቶ የሚያገናኘውን ይጠብቃል። አንቺ ጋ ያለውን የአሁኑንም አንድ ቀን ሪሴት ካደረጋችሁት እንዲሁ ነው፣ ሁለቱንም እንደገና መዝጋት ይኖርብሻል። የሚሄደውን ግን ሪሴቱ እንዳለቀ ከኤሌክትሪክ ንቀይው፣ እንዲሁ ይወሰድ።